ከአቧራው ጉብታ እስከ ወርቁ፦ ትንሿ ብስክሌት በደቡብ አሜሪካ

ስምንት ብስክሌተኞች ከጉብታው አናት ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዳቸውም እግራቸውን መሬት አላስነኩም። የፊት ጎማቸውን ከተገተረው በር ጋር አጣብቀው፣ ሁለት እግራቸውን ፔዳል ላይ አሳርፈው፣ ከኮርቻው ብድግ ብለው ሚዛናቸውን ይጠብቃሉ። በድምፅ ማጉያው የተቀዳ ድምፅ ይሰማል፤ ተዘጋጁ፣ በሩን እዩ ይላቸዋል። ከዚያ ጸጥታ ይሆናል። ጸጥታው አንዳንዴ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከሁለት ሰከንድ ተኩል ያልፋል። ማንም ቀድሞ ገምቶ እንዳይነሣ ርዝመቱን በዘፈቀደ የሚመርጠው ማሽኑ ነው። ወዲያው መብራቱ ቦግ ይላል፣ በሩ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ስምንቱም ቁልቁል ይወረወራሉ።

ሁሉም ነገር በ35 ወይም በ40 ሰከንድ ያልቃል። አንድ ስኒ ቡና ቀድቶ ለእንግዳ እስከማቀበል ያህል ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ግን ልጆቹ ጉብታ ዘልለው፣ በአየር ላይ ተንሳፍፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው፣ ግድግዳ በመሰለው ኩርባ ተጠማዝዘው ከመጨረሻው መስመር ይደርሳሉ። አንዳንዱ ከመንገድ ወድቆ ይቀራል። ከአጥሩ ውጭ የቆመች እናት ትንፋሿን የምትመልሰው ልጇ ሄልሜቱን አውልቆ ፈገግ ሲል ካየች በኋላ ነው።

ደቡብ አሜሪካ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቀድሞ የሚታወሰን ኳስ ነው፤ ፔሌ፣ ማራዶና፣ ሜሲ። በኳሱ ጥላ ሥር ግን ሌላ ፍቅር ሲያድግ ቆይቷል። በኮሎምቢያዋ ሜዴሊን፣ በኢኳዶሯ ኩዌንካ፣ በአርጀንቲናዋ ኮርዶባ፣ በቬኔዝዌላዋ ካራካስ ትንሿን ብስክሌት ይዞ ወደ ሜዳ የሚወርደው ልጅ በዝቷል። ስፖርቱ ቢኤምኤክስ ይባላል፤ ኮሎምቢያውያን ‹ቢሲክሮስ› ይሉታል። ከዚህ አህጉር የወጡ ጋላቢዎች ከኦሊምፒክ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ይዘው ተመልሰዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስፖርቱ መነሻ ግን ደቡብ አሜሪካ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ የሞተር ሳይክል ውድድር ያማራቸው ነገር ግን ሞተር ሊኖራቸው የማይችል ልጆች ባለ 20 ኢንች ጎማ ብስክሌታቸውን ይዘው ባዶ መሬት ላይ ወጡ። እንደ ትልልቆቹ የሞተር ጋላቢዎች አቧራ ላይ መንሸራተት፣ ጉብታ መዝለል፣ መሽቀዳደም ጀመሩ። በ1971 የወጣ አንድ የሞተር ሳይክል ዘጋቢ ፊልም በመክፈቻው ላይ እነዚህን ልጆች አሳየ። በ1982 ደግሞ ስቲቨን ስፒልበርግ ‹ኢ.ቲ.› በተባለው ፊልሙ ልጆቹን በእንዲህ ያሉ ብስክሌቶች ከአሳዳጆቻቸው ሲያስመልጣቸው ዓለም በሙሉ ተመለከተ። ስያሜውም ከዚሁ የተወለደ ነው፤ ብስክሌትና ሞቶክሮስ ተጋብተው፣ መጨረሻ ያለችው ‹ኤክስ› መስቀለኛ በመሆኗ ‹ክሮስ› የሚለውን ቃል ትወክላለች። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በ1993 ስፖርቱን ጠቅልሎ ያዘው፤ በ2008 ቤጂንግ ላይ ኦሊምፒክ ገባ።

ብስክሌቷን ቀርቦ ያያት ሰው የልጅ መጫወቻ ናት ብሎ ሊያልፋት ይችላል። የጎማዋ ቁመት ከግማሽ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ማርሿ አንድ ብቻ ነው፤ ዳገትም ይሁን ቁልቁለት የሚቀየር ነገር የለም። ሞላ የላትም፤ የመሬቱን ግጭት የሚውጠው የጋላቢው ጉልበትና ክርን ነው። ፍሬኗ የኋላ ብቻ ነው። ኮርቻዋ ወርዶ ወርዶ ከጎማዋ ሊነካካ ምንም አይቀረውም፤ በውድድር ላይ የሚቀመጥበት ሰው ስለሌለ ማንም ግድ አይሰጠውም።

ይህችን ትንሽ ነገር ይዘው የሚወርዱበት የኦሊምፒክ መነሻ 8 ሜትር ከፍታ አለው። ከዚያ አናት ላይ ሆኖ ወደ ታች ማየት የሁለት ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ እንደመቆም ነው። ጋላቢው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በከተማ መንገድ መኪና እንኳ ሁልጊዜ የማይደርስበት ፍጥነት ነው። ከዚያ 300 ወይም 400 ሜትር የሚሆን ጉብታና ኩርባ የሞላበት መንገድ ይጠብቀዋል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ጥበብ አለ። ጉብታዎቹ በተደራረቡበት ቦታ ፔዳል መምታት አይቻልም። ጋላቢው ግን ፍጥነቱን አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል። ጉብታው ላይ ሲወጣ ክንዱንና ጉልበቱን አጥፎ ብስክሌቷን ወደ ሰውነቱ ይስባታል፤ ቁልቁል ስትወርድ ደግሞ ዘርግቶ ይገፋታል። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ ሰው ሳይገፋው በሰውነቱ ብቻ ከፍ ከፍ የሚልበት ብልሃት እዚህም ይሠራል። ጥሩ ጋላቢ ካቴናውን ሳያዞር ሌላውን የሚያልፈው በዚህ ነው።

ስፖርቱ ኮሎምቢያ ሲደርስ የተዘራው በታረሰ መሬት ላይ ነው። ኮሎምቢያ ብስክሌትን የምታውቅ አገር ናት። የአገሪቱ ዙር ውድድር የተጀመረው በ1951 ነው። በ1987 ሉዊስ ሄሬራ የስፔንን ዙር አሸነፈ፤ በ2019 ኤጋን በርናል ቱር ደ ፍራንስን ወሰደ። በተራሮቻቸው ዳገት ላይ ለሚፈተለኩት ብስክሌተኞቻቸው ሕዝቡ ‹ጥንዚዛዎች› የሚል የፍቅር ስም አውጥቶላቸዋል። ከአዲስ አበባ በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ቦጎታ ከ1974 ጀምሮ በየእሁዱ ዋና ዋና መንገዶቿን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ትከፍታለች። የእኛው ‹መንገድ ለሰው› ለደረሰበት አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚህች አገር ውስጥ የቢኤምኤክስ ታሪክ ሲነገር ከአንዲት ሴት ስም ውጭ መጀመር አይቻልም። ማሪያና ፓሆን።

ማሪያና የተወለደችው በጥቅምት 1991 ሜዴሊን ውስጥ ነው። ዓመቱን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሜዴሊን በዓለም እጅግ አደገኛ ከሚባሉት ከተሞች ግንባር ቀደሟ ነበረች፤ ከ100 ሺህ ነዋሪ 380 ያህሉ የተገደሉበት ዓመት ነው። ፓብሎ ኤስኮባር ገና በሕይወት ነበር። ወላጆች ልጆቻቸው ከቤት ሲወጡ የሚሰጉበት፣ ጎዳናው ለልጅ ጨዋታ የማይታመንበት ዘመን ነበር። አባቷ የመኪና ተወዳዳሪ፣ እናቷ ፈረስ ጋላቢ ነበሩ። ልጅቱ ገና በአራት ዓመቷ ታላቅ ወንድሟን ተከትላ ብስክሌት ላይ ወጣች። የምትወዳደራቸው ሴት ልጆች በበቂ ስላልነበሩ ከወንዶች ጋር ተሰለፈች፤ አሸነፈቻቸውም። በዘጠኝ ዓመቷ በዕድሜ እኩዮቿ ምድብ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

በ2012 ለንደን ላይ የኮሎምቢያን ባንዲራ ይዛ ወደ ስታዲየሙ የገባችው እሷ ነበረች። ነሐሴ 10 ቀን የፍጻሜው በር ሲወድቅ ከፊት ወጣች፤ እስከ መጨረሻው ማንም አልደረሰባትም። 37 ሰከንድ ከ706። ኮሎምቢያ በኦሊምፒክ ታሪኳ እስከዚያ ቀን የነበራት ወርቅ አንድ ብቻ ነበር፤ ማሪያ ኢዛቤል ኡሩቲያ በ2000 ሲድኒ ላይ በክብደት ማንሳት ያመጣችው። ሁለተኛውም በሴት እጅ መጣ። በዚያው ዕለት በወንዶቹ ካርሎስ ኦኬንዶ ነሐስ ጨመረበት። ከአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንዲት የአፈር ትራክ፣ ሁለት ሜዳልያ። በማግሥቱ ልጁ ብስክሌት እንዲገዛለት ያልወተወተው የኮሎምቢያ አባት ይኖር ይሆን?

በ2016 ሪዮ ላይ ደገመችው። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ኮሎምቢያዊ ከእሷ በፊት አልነበረም። በዚያ ቀን ካርሎስ ራሚሬዝ የወንዶቹን ነሐስ ወሰደ፤ ከአራተኛው ጋር እጅግ ተቀራርበው ስለገቡ የተለዩት በፎቶ ነው። ራሚሬዝ ቶኪዮ ላይም ሌላ ነሐስ ጨመረ።

ይሁን እንጂ የማሪያና ትልቅነት ከድሎቿ ይልቅ በቶኪዮው ሽንፈት የበለጠ ይታያል። በ2018 በውድድር ላይ ወድቃ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። እንዲህ ያለ ጉዳት ብዙ ስፖርተኛ ቤቱ ያስቀምጣል። እሷ ግን ተነሥታ፣ ዳግም መራመድ፣ ዳግም መዝለል ተማረች። በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ፍጻሜ ከብሪታንያዊቷ ቤት ሽራይቨር ጀርባ ሁለተኛ ሆነች፤ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት የሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ነው። ሦስት ኦሊምፒክ፣ ሁለት ወርቅና አንድ ብር። በ2024 ፓሪስ ላይ ለፍጻሜ አልደረሰችም፤ ማንም ኮሎምቢያዊ ግን ስሟን ዝቅ አድርጎ አልጠራውም።

ሜዴሊን ውስጥ በስሟ የሚጠራ ትራክ አለ። በግንቦት 2016 የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው እዚያው ነው፤ የሴቶቹን ዋንጫ የወሰደችውም ራሷ ማሪያና ናት፤ በትውልድ ከተማዋ፣ በስሟ በተጠራ መንገድ ላይ። ሜዴሊንን ከዚያ የጨለማ ዘመን ያወጣት ብስክሌት ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው ሜትሮ አለ፤ ከ2004 ጀምሮ ድሆቹን የተራራ ሰፈሮች ከመሐል ከተማ ጋር ያገናኘው የገመድ መጓጓዣ አለ፤ በየሰፈሩ የተሠሩ ቤተ መጻሕፍትና መናፈሻዎች አሉ። የአፈር ትራክ የዚህ ሁሉ አንዱ ክፍል ነው። ነገር ግን ለስምንት ዓመት ልጅ ቤተ መጻሕፍቱና ሜትሮው የማይሰጡት አንድ ነገር ይሰጠዋል፤ የሚፈራውን ጉብታ ዛሬ ሳይሆን ነገ የሚዘልበት ቦታ።

ጎረቤት አገሮችም ዝም ብለው አላዩም። እንዲያውም አርጀንቲናዊቷ ጋብሪዬላ ዲያዝ ከማሪያና በፊት፣ ስፖርቱ ገና ኦሊምፒክ ሳይገባ፣ በ2001፣ በ2002 እና በ2004 ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የዓለም ሻምፒዮናውም ቢሆን ወደ አህጉሩ ተመላልሷል፤ በ2000 ኮርዶባ፣ በ2002 እና በ2006 ብራዚል። ቬኔዝዌላዊቷ ስቴፋኒ ሄርናንዴዝ በ2015 የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በማግሥቱ ዓመት ሪዮ ላይ ነሐስ አገኘች። የሪዮን የሴቶች ፍጻሜ ሜዳልያ ሲሰጥ ያየ ሰው ልብ ይለዋል፤ ከሦስቱ ቆመው ከነበሩት ሁለቱ ደቡብ አሜሪካውያን ነበሩ። በ2019 በሊማው የፓን አሜሪካ ጨዋታ ደግሞ ወርቁን በሴቶች ማሪያና፣ በወንዶች ኢኳዶራዊው አልፍሬዶ ካምፖ ወሰዱት።

እስካሁን የተወራው ስለ እሽቅድድሙ ነው። ቢኤምኤክስ ሌላም ልጅ አለው፤ ፍሪስታይል። እዚህ ማንም ማንንም አይቀድምም። አንድ ጋላቢ ብቻውን ከእንጨትና ከብረት ወደተሠራ፣ መወጣጫና መዝለያ ወደሞላበት ሜዳ ይገባል። 60 ሰከንድ አለው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ወደ ሰማይ ተወርውሮ ከነብስክሌቱ ይገለበጣል፣ መሪውን በአየር ላይ ያሽከረክራል፣ ብስክሌቷን ከሥሩ እንደ ጅራት አዙሮ መልሶ በእግሩ ይቀበላታል። ዳኞች የዝላዩን ከፍታ፣ አስቸጋሪነትና ጥራት አይተው ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ። ኦሊምፒክ የገባው ቶኪዮ ላይ ነው፤ በዚያ የመጀመሪያ የሴቶች ውድድር ከተሳተፉት ዘጠኝ ጋላቢዎች አንዷ ቺሊያዊቷ ማካሬና ፔሬዝ ነበረች።

በወንዶቹ ደግሞ ዳንኤል ዴርስ የሚባል ቬኔዝዌላዊ ነበር። ካራካስ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ ወደ ቦነስ አይረስ ተሻግሮ፣ ከዚያም አሜሪካ ሄዶ ስሙን ያስጠራ ሰው ነው፤ ኤክስ ጌምስ በተባለው ታላቅ ውድድር አምስት ጊዜ ወርቅ ወስዷል። ቶኪዮ ሲደርስ 36 ዓመቱ ነበር። በዚህ ስፖርት ይህ ዕድሜ የሽማግሌ ዕድሜ ነው፤ ከአጠገቡ የተሰለፉት ብዙዎቹ ፖስተሩን ግድግዳቸው ላይ ለጥፈው ያደጉ ልጆች ናቸው። እሱ ግን 92.05 ነጥብ አግኝቶ ብር ወሰደ። ሕዝቡ በችግር ለተበተነባት አገር፣ ራሱም በስደት ያደገው ልጇ ባንዲራዋን ከፍ ሲያደርግ ማየት ምን ማለት እንደሆነ በሰው አገር የኖረ አንባቢ ሳይነገረው ይገባዋል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የአርጀንቲና ተራ መጣ። ሐምሌ 31 ቀን 2024፣ ፓሪስ፣ ኮንኮርድ አደባባይ። ሆሴ ቶሬስ ጊል ይባላል። ቦሊቪያ፣ ሳንታ ክሩዝ ከተማ ተወልዶ በአርጀንቲናዋ ኮርዶባ ያደገ ነው፤ ጓደኞቹ ‹ማሊግኖ› በሚል ቅጽል ይጠሩታል። በመጀመሪያው ዙር ገብቶ የሚችለውን ሁሉ አወጣ፤ 94.82 ነጥብ። ከዚያ ቆሞ ሌሎቹን ማየት ብቻ ነበር የቀረው። ብሪታንያዊው ኪራን ራይሊ ከአንድ ነጥብ በታች ቀረው። ፈረንሳያዊው አንቶኒ ዣንዣን በአገሩ ሕዝብ ጩኸት ታጅቦ ገባ፤ እሱም አልደረሰበትም። አርጀንቲና ከፓሪስ ይዛ የተመለሰችው ወርቅ ይህ ብቻ ነው። የሜሲና የማራዶና አገር፣ በዚያ ኦሊምፒክ ብቸኛ ወርቋን ያመጣላት ትንሽ ብስክሌት የያዘ ሰው ሆነ።

ይህ ድንገት የወደቀ መና አልነበረም። በ2018 ቦነስ አይረስ የወጣቶችን ኦሊምፒክ ስታዘጋጅ ፍሪስታይል ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ መድረክ ቀርቦ ነበር። የአርጀንቲናዎቹ ኢኛኪ ማዛና አጉስቲና ሮት በራሳቸው ሕዝብ ፊት ወርቁን ወሰዱ። መግቢያው ነፃ ስለነበር ቤተሰብ በሙሉ እየመጣ አይቶታል። ሰው ያላየውን አይመኝም፤ ካየው በኋላ ግን ልጁ ‹እኔስ?› ይላል።

ስፖርቱ ለምን እንዲህ ተስፋፋ? ሜዳልያ አንዱ ምክንያት ነው፤ በጣም የሚበልጠው ግን ቅርበቱ ነው ማለት ይቻላል። የጎዳና ብስክሌት ውድድር ረጅም መንገድና የተዘጋ ትራፊክ ይጠይቃል፤ በተጨናነቀ የላቲን አሜሪካ ከተማ ልጅን በአስፋልት ላይ ብቻውን መልቀቅ ወላጅን እንቅልፍ ያሳጣል። የቢኤምኤክስ ትራክ ግን ከኳስ ሜዳ ብዙም የማይበልጥ ቦታ፣ አፈርና አካፋ ይበቃዋል። አጥር አለው፤ መኪና አይገባበትም፤ እናትም አባትም ከአንድ ቦታ ቆመው ከመነሻ እስከ መድረሻ ያዩታል። ሕፃኑ በሁለትና በሦስት ዓመቱ ፔዳል በሌላት ብስክሌት መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይጀምራል፤ በአምስት ዓመቱ ከበሩ ፊት ይቆማል። ምድቡ በዕድሜ የተከፈለ ስለሆነ እሁድ ማለዳ ልጅም፣ ታላቅ እኅትም፣ አርባ ዓመት የሞላው አባትም በየተራቸው የሚወዳደሩበት ቤት አለ።

የሚከፈለው ዋጋም አይረሳ። ለጀማሪ አሮጌ ብስክሌትና የተዋሰ ሄልሜት ይበቃዋል፤ ከፍ ወዳለው ደረጃ የሚሄድ ግን ከካርቦን የተሠራ አካል፣ ውድ ጎማ፣ ለውጭ ጉዞ የአውሮፕላን ቲኬት ያስፈልገዋል። የድሃ ልጅ ተሰጥዖ ይዞ እዚህ ደፍ ላይ ሊቀር ይችላል። አደጋውም እውነተኛ ነው። በለንደን ብር ያገኘው አውስትራሊያዊ ሳም ዊሎቢ በ2016 በልምምድ ላይ ወድቆ ሽባ ሆነ። የሪዮ አሸናፊ አሜሪካዊው ኮነር ፊልድስ ቶኪዮ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሷል፤ ተርፎ አገግሟል። ለዚህ ነው ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ሄልሜት፣ ጓንትና ረጅም ልብስ የሌለው ልጅ ከበሩ ፊት እንዳይቆም ደንብ የሚከለክለው። ልጁን ለዚህ ስፖርት ሊሰጥ የሚያስብ ወላጅ ብስክሌቷን ከመግዛቱ በፊት ሄልሜቱን ይግዛ።

የሚቀጥለው የኦሊምፒክ ውድድር በ2028 በሎስ አንጀለስ ነው። የቢኤምኤክሱ እሽቅድድምም ፍሪስታይሉም የሚካሄዱት በሴፑልቬዳ ቤዚን መናፈሻ ነው፤ የዛሬ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሞተር ያማራቸው ልጆች አቧራውን ካቦነኑበት ምድር ብዙም ሳይርቅ። ከሜዴሊንና ከኮርዶባ የሚሄዱት ጋላቢዎች እዚያ የሚቆሙት እንደ እንግዳ አይደለም። ቀኑ ሲደርስ ቴሌቪዥንዎን ከፍተው ይጠብቁ፤ ለቡና ብለው ግን ከመቀመጫዎ አይነሡ፤ ሲመለሱ ውድድሩ አልቆ ያገኙታል።